ጡንቻ ተሳስሮ ስፖርት? ከአጨዳ በፊት የያዝኩት ማስታወሻ

ጥቅምት 4

አምና ታኅሣሥ ላይ ከሉማሜ ወጣ ብሎ ወዳለው የአጎቴ ማሳ ጤፍ ላጭድ ሄጄ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ከሰው እኩል አጨድኩ። ማታ ጠላዬን ጠጥቼ፣ ተጫውቼ፣ በደህና ተኛሁ። ጠዋት ከመደቡ መነሣት አቃተኝ። ወገቤ፣ ቂጤና ከጭኔ ጀርባ ያለው ሥጋ እንደ ጠፍር ተወጥሯል። በሁለተኛው ቀን ማሳው ላይ አልታየሁም። በሦስተኛው ቀን ውኃ አመላላሽ ሆንኩ። የአጎቴ ልጆች እስከ ዛሬ ስሜን ትተው «ውኃ አቅራቢው» ይሉኛል።

ዘንድሮ ይህን ስም ማስፋቅ አለብኝ። 43 ዓመቴ ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነኝ። አጨዳው ታኅሣሥ 10 ገደማ ነው ተብሏል፤ ሁለት ወር አለኝ ማለት ነው። እዚሁ ደብረ ማርቆስ ግቢያችን ውስጥ ትንሽ የስፖርት ቦታ ልሠራ ነው። እግረ መንገዴን አንድ ክርክር ልፈትሽ። ሰውነት ተሳስሮ እያለ ስፖርት መሥራት ይሻላል ወይስ እስኪለቅ መተኛት?

ባለቤቴ «እሾህን በእሾህ» ትላለች። ቢሮ ከጎኔ የሚቀመጠው ሰው ደግሞ «ሥጋህ ተቀዷል እኮ፤ እስኪገጥም አትንካው» ይላል። ሁለቱም እርግጠኛ ናቸው። ሁለቱም ስፖርት አይሠሩም።

ጥቅምት 5

ብረት መግዛት አልፈለግሁም። የሰፈር ልጆች እንደሚያደርጉት በሲሚንቶ እሠራለሁ። ሁለት ባለ 4 ሊትር ባዶ የቀለም ቆርቆሮ አገኘሁ። አንድ ሜትር ከሃያ የሚሆን የውኃ ቧንቧ አስቆረጥኩ። የቧንቧው ጫፍ ላይ ቀዳዳ አስበስቼ ወፍራም ምስማር አሳለፍኩበት፤ ያለዚያ ቧንቧው ለስላሳ ስለሆነ ከሲሚንቶው ውስጥ ተሽከርክሮ ይወጣል። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር። ቧንቧውን ቀጥ አድርጌ ከግድግዳው ጋር አሰርኩት። የመጀመሪያው ጫፍ ሲደርቅ ገልብጬ ሁለተኛውን እሞላለሁ።

ጥቅምት 8

አልቻልኩም፣ ቸኮልኩ። በሦስተኛው ቀን ገለበጥኩት፤ ተሰነጠቀ። ግንበኛው ጎረቤታችን አይቶ ሳቀብኝ። «ቢያንስ ሳምንት ጠዋትና ማታ ውኃ አጠጣው። ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው በ28 ቀን ነው» አለኝ። እንደገና ከዜሮ። የተሰነጠቀው ቆርቆሮ የማዕድ ቤቱን በር እንዳይዘጋ መደገፊያ ሆኗል።

እስከዚያው በአግዳሚ ወንበር እጀምራለሁ። ከባሕር ዛፍ የተሠራ ነው፤ ቁመቱ 40 ሴንቲ ሜትር።

ጥቅምት 9

የመጀመሪያ ቀን። በመጀመሪያ መነሻዬን ለካሁ። እጄን ደረቴ ላይ አጣጥፌ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከወንበር ስንት ጊዜ ተነሥቼ መቀመጥ እንደምችል ቆጠርኩ፤ 19።

ከዚያ ሥራው። አግዳሚው ላይ በአንድ እግር መውጣት፣ እስከ ሦስት እየቆጠሩ በቀስታ መውረድ። በእያንዳንዱ እግር 60። ትንሽ አላበኝ እንጂ ቀላል ነው። ማታም ምንም የለም። «ይኼማ ምኑ ስፖርት ነው» ብዬ ተኛሁ።

ጥቅምት 10

ጠዋት ከ10 ነጥብ 3። ከሰዓት በኋላ 5። ነጥቡን የምሰጠው ራሴ ነኝ፤ ዜሮ ምንም የለም፣ 10 ደግሞ አምና ከመደቡ መነሣት ያቃተኝ ጠዋት ነው።

ጥቅምት 11

7። ሽንት ቤት ቁጢጥ ለማለት የበሩን እጀታ መያዝ ነበረብኝ። በወንበሩ ልኬት ከ19 ወደ 13 ወርጃለሁ። የሚገርመው የቢሮውን ደረጃ መውጣቱ ደህና ነው። መውረዱ ነው የሚገድለው።

ማታ ጎረቤታችን የስፖርት መምህሩ ቡና ሊጠጣ መጣ። «ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞብኝ ነው አይደል?» አልኩት፤ ጂም ውስጥ ሁሉም የሚለው እሱን ነው። አይደለም አለኝ። ያ ነገር ሥራው ካለቀ በኋላ አንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከደም ይጠራል። ይህ ሕመም ግን ከ12 እስከ 24 ሰዓት ዘግይቶ ይጀምራል፣ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ጫፍ ይደርሳል፣ ባብዛኛው በሳምንት ውስጥ ይለቃል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ቴዎዶር ሃፍ የተባለ አሜሪካዊ የጣት ጡንቻን በመሣሪያ እያሠራ ሲመረምር፣ ዘግይቶ የሚመጣው ሕመም ከተራ ድካም የተለየ እንደሆነና ጡንቻው ውስጥ ከሚደርስ ጥቃቅን መሰንጠቅ እንደሚመነጭ ጽፏል። ከዚያ በላዩ ሰውነት ለጥገና የሚልከው ብግነት አለ፤ ነርቮቹ ይቆጣሉ፣ ሲነኩት ያማል።

መውረዱ ለምን እንደሚብስም አስረዳኝ። ጡንቻ ሸክም ይዞ ሲያጥርና ሸክም ይዞ ሲለጠጥ አንድ አይደለም። ወደ ላይ ስትወጣ የጭንህ ጡንቻ እያጠረ ይገፋሃል። ስትወርድ ግን እየተለጠጠ ነው ክብደትህን ፍሬን የሚይዘው። የሚሰነጥቀው ፍሬኑ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ በእግሩ የወረደ ሰው ይህን ያውቃል። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ሲወርዱ ሳንባ አይደክምም፤ በማግስቱ ግን ጭን አይታዘዝም።

ከዚያ እኔ ራሴ የማውቀውን ነገር አነሣልኝ፤ ስግደት። ዓመቱን ሙሉ ሳይሰግድ ቆይቶ ለስቅለት ብቻ የሚመጣ ሰው ቅዳሜ ጠዋት እንዴት እንደሚራመድ አይተናል። ከሰኞ ጀምሮ ሰሞነ ሕማማቱን ሲሰግድ የሰነበተው ግን ዓርብ ላይ ይቀለዋል። እኔ የስቅለቱ ዓይነት ነኝ።

ጥቅምት 12

እሾህን በእሾህ ልሞክር ብዬ ጠዋት አግዳሚው ላይ ወጣሁ። ነጥቡ 6 ነው። ያንኑ 60 ልሠራ። በ20ኛው ላይ ቀኝ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ግድግዳውን ይዤ ተረፍኩ። ነገሩ ማመሙ ብቻ አይደለም፤ እግሩ የምሬን ጉልበት የለውም። ከ19 ወደ 13 የወረድኩት ሰንፌ አልነበረም ማለት ነው። አሠራሬም ተበላሽቷል። ጭኔን ለማትረፍ ወገቤን እያጎበጥኩ ነበር። አቆምኩ።

ባለቤቴ ከበረንዳ ሆና አየችኝ። ስለ እሾህ ምንም አላለችም።

ጥቅምት 13

5። ዛሬ መንገድ ብቻ። ወደ ዩኒቨርሲቲው በሚወስደው አስፋልት 40 ደቂቃ ተራመድኩ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች እንደ ሽማግሌ ነበርኩ። አሥር ደቂቃ ላይ ነጥቡ 2 ሆነ። ደስ ብሎኝ ፈጠን ፈጠን አልኩ። ቤት ገብቼ አንድ ሰዓት ስቀመጥ ግን ተመልሶ 4። እፎይታው ብድር ነው። ቢሆንም ከመተኛት ይሻላል፤ የባሰብኝ ነገር የለም።

ጥቅምት 15

ለቀቀ። ወንበሩ ላይ 18።

ጥቅምት 19–21

ያንኑ ሥራ በትክክል ደገምኩት፤ አግዳሚው ያው፣ 60 ያው፣ አቆጣጠሩ ያው። ሌላ ስፖርት በመካከል አልሠራሁም። በሁለተኛው ቀን ጫፍ ላይ የደረሰው ነጥብ 3 ነው! ደረጃውን እያፏጨሁ ወረድኩ።

መምህሩ አልገረመውም። ጡንቻ አንዴ ከተመታ ለዚያ ዓይነት ምት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይዘጋጃል። ደግሞ ብዙ አይፈልግም፤ ትንሽ ምትም ቢሆን ቀጥሎ ለሚመጣው ትልቅ ምት ይከላከላል። አምና ይህን ባውቅ ኖሮ ስም አይወጣልኝም ነበር።

ጥቅምት 24 – ኅዳር 3

ይህኛው ሙከራ የምወደው ነው። የጀርባ ቦርሳዬ ውስጥ 10 ኪሎ ድንጋይ ጨመርኩና አግዳሚው ላይ ሁለቱንም እግሮች እስኪንቀጠቀጡ አሠራኋቸው። ከዚያ ለየኋቸው። ቀኝ እግር ቢያምም በየሁለት ቀኑ ይሠራል፤ ግን በግማሽ መጠንና ያለ ቦርሳ። ግራ እግር ዜሮ እስኪሆን ያርፋል።

ሁለቱም በሁለተኛው ቀን 5 ደረሱ። በአራተኛው ቀን ቀኙ 2፣ ግራው 2። በአምስተኛው ቀኙ 0፣ ግራው 1። ያው ናቸው። የታመመው እግር ቀለል ባለ መጠን መሥራቱ ማገገሙን አላዘገየውም። ቶሎም አልፈወሰውም።

ልዩነቱ የመጣው ኋላ ነው። በአሥረኛው ቀን ቦርሳውን አዝዬ ስሞክር ቀኝ እግር 31 ሠራ፤ ግራ 26። አርፎ የከረመው አርፎ ቀረ። የሁለት እግር ወሬ ጥናት እንደማይባል አውቃለሁ። ደግሞ የአንዱ እግር ልምምድ ለሌላውም ትንሽ መከላከያ እንደሚያካፍል መምህሩ ነግሮኛል፤ ስለዚህ ግራው የቀኙን ሲሳይ እየበላ ሊሆን ይችላል።

በነገራችን ላይ ማሳሳቡንም (ስትሬቺንግ የሚሉትን) ሞክሬያለሁ። ከሥራ በፊትም በኋላም አሥር አሥር ደቂቃ እግሬን ስወጥር ከረምኩ፤ ነጥቡ ንቅንቅ አላለም። ብዙ ጥናቶች ተደምረው የታዩበት ውጤትም ይኸው ነው፤ ማሳሳብ ይህን ሕመም እዚህ ግባ በሚባል ደረጃ አይቀንስም። ሰውነት ማፍታቻ ነው ካልክ ሌላ ነገር። መታሸት ግን ጥቂት ያቀላል። ባለቤቴ ሁለት ቀን አሸችኝ፣ በሦስተኛው «እኔንስ ማን ያሸኛል?» አለች። ልክ ናት።

ኅዳር 6

ቢሮ ከጎኔ የሚቀመጠው ሰው ውጤቱን ጠየቀኝ። እስካሁን የምሠራበትን ነገርኩት። ጠዋት ተነሥቼ ነጥብ እሰጣለሁ። እስከ 3 ከሆነ አሟሙቄ የዕለቱን ሥራ እሠራለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እረሳዋለሁ። ከ4 እስከ 6 ከሆነ ያንን ጡንቻ ወይ በግማሽ እሠራዋለሁ ወይ ትቼው ሌላ ቦታ እሄዳለሁ፤ እግር ካመመ ፑሽ አፕ አለ። 7 ከሆነ ወይም ካለፈ መራመድ ብቻ።

«እንግዲያው ካላመመህ አልሠራህም ማለት ነው» አለኝ። ይህ ደግሞ ሌላው ስሕተት ነው። ማመሙ አዲስ ነገር መሥራትህን ይናገራል እንጂ ጥሩ መሥራትህን አይናገርም። በዚህ ሰሞን ሳያመኝ ነው ከ19 ወደ 23 የደረስኩት።

ኅዳር 11

ዛሬ ፈራሁ። አግዳሚው ላይ እያለሁ ግራ ባቴ ላይ ጭብጥ አድርጎ ወጋኝ፤ አንድ ቦታ፣ አንድ እግር፣ እዚያው በዚያው። ይኼ የማውቀው ሕመም አይደለም። የማውቀው ዘግይቶ ይመጣል፣ በሁለቱም እግር ነው፣ የሚይዘውም ሰፊ ቦታ ነው። አቁሜያለሁ፤ አራት ቀን እተወዋለሁ።

መምህሩ በዚህ ቀልድ አያውቅም። መገጣጠሚያ ላይ ያለ ሕመም፣ እብጠት፣ ቁጭ ብለህም የሚጠዘጥዝ፣ ወይም ሳምንት አልፎ የማይለቅ ከሆነ ስፖርት ሳይሆን ምርመራ ነው የሚፈልገው። ከሁሉም የሚከፋው ሌላ ነው። ለብዙ ጊዜ አርፎ የነበረ ሰው ባንድ ቀን ከአቅሙ በላይ ሲሠራ፣ ጡንቻው ካበጠና ሽንቱ እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ እስከ ነገ አይጠበቅም። የፈረሰው ጡንቻ ይዘት ወደ ደም ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ አለበት። በእልህ አምስት መቶ ፑሽ አፕ የሚወራረዱ ወጣቶች ይህን ቢሰሙ ጥሩ ነው።

ኅዳር 18–21

ብረቱ ደረሰ! ብረት ካልነው ማለቴ ነው። አንዱ ቆርቆሮ 9 ኪሎ ከ2፣ ሌላው 8 ከ6። ጠጠሩን እኩል አላደረግሁትም። ከቧንቧው ጋር 20 ኪሎ ገደማ። ትከሻ ላይ ሲሆን ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ በየዙሩ እያገላበጥኩ እሸከመዋለሁ። በዚህ ቁጭ ብድግ ጀመርኩ። መምህሩ «ጎንበስ ብለህ ከመሬት ማንሳቱንም ጨምር፤ አጨዳ ጎንበስ ነው» አለኝ። እሺ አልኩ። ሦስት ቀን ሠራሁትና ሰለቸኝ።

ጾመ ነቢያት ገብቷል። ሥጋ የለም፣ እንቁላል የለም። ጡንቻ ለመጠገን ፕሮቲን ይፈልጋል፤ በዚህ በኩል ጎጃም መኖር ጥሩ ነው፤ ግብጦ አለ። ከደረቅ ክብደቱ ሲሶ ያህሉ ፕሮቲን ነው። መራራው መርዝ ስለሆነ ግን ቸኩሎ የሚበላ አይደለም፤ ተቆልቶ ወይም ተቀቅሎ ለቀናት ውኃ እየተቀያየረለት ይዘፈዘፋል። ከሲሚንቶው ቀጥሎ ግቢያችን ውስጥ ትዕግሥት የሚፈልግ ሁለተኛው ነገር ይኸው ነው። ከቢሮ ስመጣ አንድ ጭብጥ ግብጦ፣ ማታ ሽሮ ወይም ባቄላ።

ታኅሣሥ 4

ወንበሩ ላይ 25። ከዚህ በኋላ ከባድ አልሠራም። ማሳው ላይ ተሳስሬ መድረስ አልፈልግም።

ታኅሣሥ 9፣ ሉማሜ

በሚኒባስ ገባሁ። ማታ አጎቴ ማሳውን አሳየኝ። ከቤቱ በኩል ያለው ጠርዝ ተበልቷል፤ ሁለት ሦስት ነዶ ተኝቷል። ከብት የገባ መስሎኝ ነበር።

«ማነው ያጨደው?»

«እኔ ነኝ፤ ከትናንት ወዲያ ትንሽ፣ ዛሬም ትንሽ።»

«ነገ ወንፈሉ ይመጣ የለ እንዴ? ምን አስቸኮለዎት?»

«ማጭዱን ላስለምደው ብዬ ነው» አለኝ። ማጭዱ ከእኔ ዕድሜ እኩል ነው። ምኑ ይለምዳል ብዬ ዝም አልኩ።

ታኅሣሥ 10

አሥራ አንድ ሰው ነበርን። በጠዋቱ ጤዛው ሳይነሣ ገባን። በግራ እጅ ጨብጦ በቀኝ መሸለት፣ አንድ እርምጃ፣ ደግሞ ጎንበስ። ቁጢጥ ብለው የሚያጭዱም አሉ፤ እኔ ሲደክመኝ እያቀያየርኩ አጨድኩ። ቁጢጡ ላይ አንደኛ ነበርኩ! ሁለት ወር የለፋሁበት ጭን ምንም አልመሰለውም። «ውኃ አቅራቢው» ማንም አላለም። ማታ ጉራዬን አልቻልኩትም።

ታኅሣሥ 11

ጠዋት 5። የት? ወገቤ፣ ቂጤና ከጭኔ ጀርባ።

ይህን ማስታወሻ ይዤ ስለነበር የጥቅምት 4ን ገጽ ገልጬ አነበብኩ። «ከጭኔ ጀርባ ያለው ሥጋ» ብዬ በራሴ እጅ ጽፌያለሁ። ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ የጭኔን ፊት ስቀጠቅጥ ከረምኩ። ጎንበስ የሚለውን ሦስት ቀን ሠርቼ የተውኩት እኔው ነኝ። ጡንቻ የሚዘጋጀው ለተመታበት ምት ነው፤ ለጎረቤቱ ምት አይደለም። አምና 10 የነበረው 5 የሆነው ምናልባት በእነዚያ ሦስት ቀናት ነው።

አጎቴ መደቡ ላይ ተቀምጬ ነጥብ ስሰጥ አገኘኝ።

«ምን ሁነህ ነው?»

«ተሳስሬያለሁ፣ ጋሼ።»

«ማን ያልተሳሰረ አለ? ልጆቹም ተሳስረዋል። ባይሆን አንተ ትጽፈዋለህ። ተነሥ፤ ከዳር ጀምር፣ ቀስ ብለህ። ሲሞቅህ ወደ ሰው ትገባለህ።»

ልጆቹም እንደሚያማቸው አላውቅም ነበር። ገበሬ የማይታመም መስሎኝ ኖሯል። ልብ ብዬ አየኋቸው፤ እውነትም ትልቁ ልጅ የበሩን መቃን ይዞ ነው የሚወጣው። በዚህ መልክ ካጎነበሱ ዓመት አልፏቸዋል። የጡንቻው መከላከያ ደግሞ ዓመት አይቆይም። አጎቴ ብቻ ነው ቀጥ ብሎ የሚሄደው፤ ማጭዱን ሲያስለምድ የከረመው።

ከዳር ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት እንደ ኤሊ። ከዚያ 3 ሆነ። ብድር መሆኑን አውቃለሁ፤ ማታ ይመለሳል። ቢሆንም አጨድኩ። እየጨበጥኩ የምሸልተውን አሳነስኩ፣ ቶሎ ቶሎ ቀና አልኩ። ከትናንቱ ሁለት ሦስተኛ ያህል አጭጄ ይሆናል። ውኃ ያመላለሰው የአጎቴ ትንሹ ልጅ ነው።

ታኅሣሥ 12

ሚካኤል ነው፤ አይታጨድም። ጠዋት ነጥቡ 6። ሁሉም ሰው ቤተ ክርስቲያን ደርሶ መጣ፤ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ሲመለሱ አንድም የሚያነክስ አላየሁም። ከሰዓት ጠላ፣ የጾም በያይነቱ፣ ጥላ ሥር ጨዋታ። የስፖርት መምህሩ ፕሮግራም ቢያወጣልኝ ሦስተኛው ቀን ላይ ይህንኑ ነበር የሚጽፍልኝ።

ታኅሣሥ 13

3። እስከ ቀትር አጨድኩና ወደ አስፋልቱ ወጣሁ። አጎቴ ስሰናበተው «ለከርሞ ሁለት ቀን ቀደም ብለህ ና፤ ያንተንም ማጭድ እናስለምደዋለን» አለኝ።

ታኅሣሥ 14፣ ደብረ ማርቆስ

የቢሮውን ደረጃ ስወጣ 1። ስወርድ 2።